አላየሁም

አዳማ ላይ ነፋስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤
ቆርቆሮ ቢነቅል፣ ጋሪ ቢገለብጥ፣ ማንም አይጠይቅም።
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ግራሩ ባለቀበት፣
አመድ መሳይ ሜዳ ነበር የተጫወትንበት።
አራት ጆንያ አሸዋ አራት ማዕዘን ይዞ፣
መሐሉ ላይ ሶሬቲ፣ ክንዷ እንደ ወንጭፍ ጦዞ።
ሶፍትቦል አሉት ስሙን። "ሶፍት" ማለት ለስላሳ፤
ኳሱ ግን ድንጋይ ነው፤ ጣቴ እስከ ዛሬ አልረሳ።
ሕጉን የሚያውቅ የለም ከተሰበሰበው፤
ዳኛ ለመስደብ ግን ማንን ነው ትምህርት ያስፈለገው?

ዳኛው ጋሽ በዳሶ፣ ባጃጅ ነጂ ነበር፤
"ፍራንኮ! አንድ ሰው!" ሲል ውሎ በየበር፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባጃጁን ያቆማል፣
ከመሪው ሥር ካለች ኪስ መነጽር ያወጣል፣
በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ እፍ ይላል፣ ይሰካል፤
ከዚያ በኋላ ዐይኑን ማን ያውቃል?

ጥቁር ነው፤ አንድ እጁ በሽቦ የተጠመዘዘ፤
ስታፈጥበት ራስህን ነው የምታየው፣
ትንሽ፣ የተኮማተረ፣ የፈዘዘ።
ለዚህ ነው የሚፈሩት። "ዕውር!" ያለው ሁሉ፣
ያ ጥቁር ሲዞርበት፣ ይቀየራል ቃሉ።

አንዴ ጠየቅሁት፦ "ጋሽ በዳሶ፣ ለምንድን ነው?"
"ፀሐይዋ" አለ። ቆየና፣ "ፀሐይዋም ነው።
ዳኛ ሲጠራጠር ዐይኑ ይናገራል፤
ዐይኑን ያነበበ እጁን ይጠመዝዛል።"

የወንጂ ልጆች መጡ፣ በአይሱዙ ተጭነው፣
ሸንኮራ እያኘኩ፣ ገና ሳይጀመር አሸንፈው።
የመጨረሻው ዙር፤ በአንድ ነጥብ መርተን፣
አንዲት ልጅ ናት የቀረችን፣ እሷን አስወጥተን
ዋንጫ ለመውሰድ። ዋንጫውም ዋንጫ ቢሆን!
የቲማቲም ጣሳ ነው፣ ወርቃማ የተቀባልን።

እኔ ከሜዳው ጫፍ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት፣
ያለ ኮፍያ፣ ያለ መነጽር፣ በወንድሜ ጓንት።

ብርቄ መታችው።

ድምፁን ሰማሁ እንጂ ኳሱን አላየሁም።
ሰማዩ የጋለ ብረት ነው፤ ምን እንደሚወርድ አላውቅም።
ሮጥሁ። አቧራው ተነሣ። ጉልበቴ መሬት ላሰ።
ኳሱ አንዴ ነጥሮ፣ አንዴ ብቻ፣ እጄ ደረሰ።

ጓንቴን ወደ ላይ አነሣሁ።

የወንጂዎቹ "መሬት ነክቷል!"፣ የእኛዎቹ "ተይዟል!"፤
ነፋሱም የሁሉንም ጩኸት ይዞ ይሮጣል።
ጋሽ በዳሶ መጣ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣
ያን ሁሉ ስድብ በትከሻው ቆርጦ።
አጠገቤ ቆመ። እጁን ወደ ፊቱ ሰደደ፤
መነጽሩን አወለቀ።
ዐይኑን ያኔ አየሁ፦ ቀልቶ፣ በአቧራ የነደደ፣
አንዱ ዳር ላይ ትንሽ ሥጋ ያበቀለ።
"አላየሁም" አለ።

ዳኛ "አላየሁም" ሲል የሰማችሁ ካላችሁ
ንገሩኝ፤ እኔ ያኔ ብቻ ነው የሰማሁ።

"ፀሐይዋ ውስጥ ገባብኝ። እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ።
ያዝሽው?"

ከጀርባው፣ ከኮረብታው ላይ፣ የነፋስ መዘውሮቹ
አንድ ዙር ዞሩ። ሁለት።
"ያዝሁት" አልሁት።

እጁን ጨብጦ አነሣ። ወጣች! ብርቄ ወጣች።
ዱላዋን ጥላ፣ ፊቷን በማልያዋ ሸፈነች።
ሌሊሴ ጣሳውን ራሷ ላይ ደፋች፤
እኔም ሣቅሁ፤ ጓንቴን ግን ለማንም አላሳየሁ፣
አፈሩ ነበረበት።

ማታ ባጃጁ በር ላይ ጋሽ በዳሶ ጠራኝ፤
"ለአንቺም ፀሐይዋ ከብዳብሻለች" ብሎ መነጽሩን ሰጠኝ።
ሌላ ነገር አላለም። ያውቅ ነበር? አያውቅም?
ዐይኑ ዕርቃኑን ነበር፤ ማንበብ ግን አልቻልሁም።

አሁን ዳኛዋ እኔ ነኝ። ግማሹ ሜዳ ፎቅ ሆኗል።
ሽቦውን ሁለቴ ቀይሬዋለሁ፤ መስታወቱ ተጭሯል፣
ከጭረቶቹ አንዱ፣ ቀኙ ላይ፣ ወደ ታች ይወርድና
ይነጥራል፤
ልጆቹ ከውጭ ራሳቸውን ያያሉ፣
እኔ ከውስጥ እሱን።

ትናንት አንዲት ልጅ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣
"ያዝሁት!" አለችኝ፤ ትንፋሿ ተቆራርጦ።
ጓንቷን አልጠየቅሁም።
መነጽሩን አወለቅሁ። የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ
እንደ ጥፊ መጣች።
"እኔ" አልኋት፣ "አላየሁም።"

ዝም ብላ ዐይኔን ታነባለች።
ታንብበው።