ሠላሳ ዘጠኝ በስምንት

በሩን በትከሻው ገፍቶ ኢንድሪዲ ገባ፣
ጺሙ ላይ ያረፈው በረዶ እያነባ።
ጓንቱን ሳያወልቅ፣ «እንዴት ዋልሽ?» ሳይለኝ፣
«አርባ አራት ኢንች ጎማ፣ ሃልቤራ፣ ግጠሚልኝ።»

ወጥቼ አየኋት፣ ያባቱን ላንድክሩዘር፤
ፓራፋንጎዋን ጨው በልቶት፣ በሯን ይዞት የመረብ ክር፣
በሠላሳ አንድ ኢንች ጎማ፣ ከመሬት ስንዝር ርቃ፣
እንደ ዳክዬ በሆዷ ከበረዶው ተጣብቃ።
ሳቄን ዋጥኩት።

«ጎማ እንደ ጫማ አይደለም፣ ለክተውት አይሄዱም፤
እሱ ባደገ ቁጥር ሞተርህ አያድግም።
አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ፣ ብዙ መሬት ይውጣል፤
የዋጠውን የሚፈጭ ጉልበት ከየት ይመጣል?
ሜዳ ላይ ቆጣሪው ይዋሽሃል፣ ሰማንያ ሲልህ መቶ ነህ፤
ዳገት ላይ ግን በአራተኛ ለምነህ፣
በሦስተኛ ለምነህ፣
በሁለተኛ፣ እያለቀስክ፣ ከነጭስህ።»

«ቤርግስቴንስ?» አለኝ። «አርባ አራት አይደል የሱ?»
«አዎ፤ ዘንድሮ ብቻ ሁለት ሴሚያስ ሰብሯል እሱ።»

ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሳጥን አወረድኩ፣
ኮሮናና ፒኞኑን ከሰም ወረቀት አላቀቅኩ።
«ያንተ አርባ አንድ በአሥር ነው፤ ፒኞኑ አራቴ ሲዞር
ቸርኬህ አንዴ ይዞራል፤ ለድሮው ጎማህ ደግ ነበር።
ይሄ ሠላሳ ዘጠኝ በስምንት፣ ወደ አምስት ይጠጋል፤
ባለ ሠላሳ ስምንት ጎማ ብትጭንበት ይስማማል።
ለአርባ አራቱ፣ ሰባት ጥርስ ያለው ፒኞን አለ፤
እሱም አይበቃ፣ ደግሞ ጥርሱ የሳሳ፣ የሰለለ፤
አንዱ፣ በረዶ ሥር ድንጋይ ነክሶ የረገፈ ለት፣
ሌላው ተከትሎት ይወርዳል፣ እየተፈጨ ከነዘይት።»

«ሠላሳ ስምንት ያንሳል» አለ፣ ዓይኑ የጎማው ክምር ላይ።
«ንፋሱን አስተንፍሰው፣ እንደ ሊጥ ሲተኛ እይ፤
በረዶ የሚሸከምህ በቁመትህ አይደለም፣
በተኛኸው ልክ ነው።»
ዝም አለ። እኔም።

ከዚያ፣ ልነግረው ያላሰብኩትን ነገርኩት።

ባሌ ስቴንሞዱር፣ ትልቅ ጎማ ገጥሞ በድሮው ጥርስ፣
ቫትናዮኩል አናት ላይ፣ ግግሩን በአንደኛ ማርሽ ሲያርስ፣
ፍሪሲዮኑ ሸተተው፣ እንደ ነደደ ጠጉር፤
ሁለት ሌሊት ሞተሩ ዞረ፤ መኪናው ድንጋይ ነበር።
አሥር የእግር ጣት ይዞ የወጣው ሰው
ሰባት ይዞ ወረደ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ካልሲውን ሳወልቀው።

ይህን ኮሮና የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነበር፣
ለመጪው ክረምት፣ ላይደገም፣ በብድር።
ቁስሉ ዳነ፤ መንገዱ ግን ከልቡ ወጣ መሰለኝ፣
ሳጥኑን «ነገ እንገጥመዋለን» እያለ እያታለለኝ፣
አልጋው ላይ ሞተ፣ በደህና ቀን፣
ሰም ወረቀቱ ሳይከፈት።

ኢንድሪዲ ጓንቱን አወለቀ። ኮሮናውን ወደ መብራቱ አቅርቦ
ጥርሱን በአውራ ጣቱ ይቆጥራል፣ ግንባሩን ሰብስቦ።
ሠላሳ አራት ላይ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ።

እኔ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ የዲፈረንሻሉን ብሎን ፈታሁ፤
ያባቱ ዘመን ዘይት፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣
ባልዲው ውስጥ ወረደ፤ አልቸኮለም።