የእንቅልፍ ክፍል፣ ሙሐረቅ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሙሐረቅ ላይ ባሕሩ ዝም፤
ሃያ ሽቦ ራሳቸው ላይ፣ ተኝተዋል ሃጂ ጃሲም።
ድንገት ትንፋሽ ቀጥ ይላል፤ አስር፣ ሃያ፣ ሰላሳ ቆጠርኩ፤
መወልወያዬን እንደያዝኩ ከመስታወቱ ፊት ቆምኩ።
«ጉሮሯቸው ነው የሚዘጋው» ይላል ዶክተሩ በአጭሩ፤
እኔ ግን ሰምቻለሁ፣ በልጅነት ሉል ጠላቂ ነበሩ፤
እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው፣ ትንፋሽ ይዘው የወረዱ፤
ማን ያውቃል፣ ዛሬም ይሆናል ዛጎል ለቀማ የሄዱ።

ሰው ለምን ያልማል ብዬ ስል፣ መልሱ ሞልቷል በየዓይነቱ፦
አንጎል የቀን ጉድፉን ይጠርጋል አሉ በሌሊቱ፤
(ይሄስ ገባኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው።)
ወይ ለነገው ጅብ ከዛሬ ሩጫ ይለማመዳል፤
ወይ የታፈነ ምኞት በጓሮ በር ሾልኮ ይሄዳል፤
ወይ ምንም፤ ነርቭ እንዲሁ ብልጭ ድርግም ሲል
ልብ ተረት ይሰፋለታል።
«የቱ ነው እውነቱ?» ስለው
ዶክተሩ ያዛጋል።

እናቴ ጋ አንድ ነበር መልሱ፦ ህልም እንደ ፈቺው ነው።
የትናንቱን ታዲያ ማነው የሚፈታው?
አባቴ መጣ፤ ከሐርቡ ወጥቶ የማያውቅ፣
ከሞተ አራት ዓመቱ፤
አረብኛ አናገረኝ፣ የባሕረኛ አረብኛ፣
እኔም ሳይገርመኝ መለስኩለት።
ሰምቼ የማላውቃት አንዲት ቃል ግን ከአፉ ወጣች።
ጉድፍ ናት? ጅብ ናት? ምኞት ናት?

ሃጂ ጃሲምን እጠይቃለሁ፣
ከጥልቁ ሲወጡ።