የማንደፍሮ ሚዛን

ፒያሳ ጥግ ላይ፣ ከፎቶ ቤቱ ደጅ፣
ሚዛን ዘርግቶ ይውላል ማንደፍሮ የሚሉት ልጅ።
አምስት ብር ሰጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
እወጣለሁ በየሰኞው ትንፋሼን ጠብቄ።
ጥምቀት ሰሞን «ሰማንያ ሁለት» ነበር የነገረኝ አይቶ፤
አሁን «ስልሳ ስምንት» ይላል፣ እሱም እንደኔ ኮርቶ።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ለክቼ፣
የራሴን ሳልጠይቅ፣ በሰፊ ቀሚስ ውስጥ ተደብቄ ሰንብቼ፣
«ደም ግፊት አለሽ፤ ውፍረቱንም ቀንሺ» ተብዬ፣
ክኒኔን ይዤ ገባሁ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ እሺ ብዬ።

ቀነስኩም።
ስኳር ከሻዬ ወጣ፤ ዘይት ከወጤ ወጣ፤
እራት የሚባል ነገር ከቤቴ ውስጥ ታጣ።
ከማራኪ ፒያሳ ዳገቱን በእግሬ፣
ታክሲውን በዓይኔ ሸኝቼ፣ እርምጃዬን ቆጥሬ።
ቀሚሴን በየወሩ ከጎኑ እየቀነስኩ፣
ቅዳጁን እንደ ምርኮ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩ።

«አማረብሽ!» አሉኝ ያገኙኝ ሁሉ፤
«ልጅ ሆንሽ! ምስጢሩን ንገሪን» እያሉ።
እትዬ ውዴ ብቻ፣ ጓዳዬ ድረስ ገብታ፣
«ምነው ከሳሽ ልጄ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ታዲያ ሰሞኑን ነው።
የወደቀ ስፒል ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣
ቤቱ ዞረ። መኪናዬ ዞረች። ከመስኮቱ ማዶ የፋሲል
ግንብ፣ ያ ስንት ክረምት ያልነቀነቀው፣ ዘመም አለ።
የደንበኛዬን ትከሻ ያዝኩና «ሜትሬን ፈልጌ ነው» አልኳት።
ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። አየች። አየሁ። ሳቅኩላት።

ጾሙ ነው አልኩ፤ ጾሙ ተፈታ።
ፀሐዩ ነው አልኩ፤ ዞረብኝ በማታ።
ዳገቱ ነው አልኩ፤ ከአልጋዬ ስነሳ መጣ፤
ሰበብ እንደ ክር ከጥቅሉ አልቆ፣ መርፌዬ ባዶውን ወጣ።

ሐኪም ጋ ልሂድ? ወይስ ይቅር?
የካርዱ ሰልፍ፣ የደም ምርመራው፣ «ነገ ነይ» መባሉ ሲዘከር…
የስድስት ሚዜ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ሠርጉ እሑድ ነው።
እሱም ሰበብ ነው።
እውነቱን ልናገር፤ ማዞሩን አልነበረም የፈራሁት እኔ፤
«በቃሽ፣ እራት ብዪ» ብሎኝ፣ ዳግም እንዳይሞላ ጎኔ፤
ያ ቁጥር እንዳይመለስ፣ ያ ሰፊ ቀሚስ፣ ያ ማፈሬ፤
ሰው ሲያዞረው ይተኛል፤ እኔ ግን ቆምኩ፣ ቁጥሬን አቅፌ፣ አክብሬ።

ዛሬም ወጣሁ። ማንደፍሮ አየ፤ ደግሞ አየ፤ ቁጥር አልነገረኝም።
«መርፌው እምቢ አለ» ሲል፣ «ሚዛንህ አርጅቷል» አልኩት፤ አላመነኝም።
«ሚዛኑስ ደህና ነው እትዬ ትብለጥ፤ እርስዎ ነዎት የሚወዛወዙት» አለ፤
ክንዴን ይዞ አወረደኝ፣ አምስት ብሬንም መለሰ፣ «ያላነበብኩትን አልቀበልም» እያለ።

ሱቄ ገባሁ። የክኒኑን እሽግ ገለበጥኩት፤
በጥምቀት ልኬ የታዘዘ ነው፤ ገላዬን ግን አጠበብኩት።
ልብሱን አርሜ፣ ቀበቶውን አርሜ፣ ይሄ ብቻ ቀርቶ ይሆን በድሮው ስፋት?
እንጃ። ሃያ ዓመት ስለካ የዚህ ሜትር የለኝም፤ በግምት መቀነስም ጥፋት።

እሽጉን ቦርሳዬ ከተትኩ፤ መኪናዬን ሸፈንኩ፤ ግድግዳ ይዤ ወጣሁ በቀስታ።
በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዬ፣ ፊደሉ ትንሽ እየተንጋደደ፣ ከበሩ ላይ ጻፍኩ፦
«ልኬን ልለካ ሄጃለሁ። ቀሚሶቹ ሐሙስ ማታ።»