ከእንጨቱ ወዲህ

በበቅሎ ነው የመጣ፣ ከፍሎረንስ ሙጄሎ፣
ልጁ ባንዱ ቅርጫት፣ እንጨቱ በሌላው፣ ግራ ቀኝ ተንጠልጥሎ።
በቅሎ ነጂው ቤቶ አወረዳቸው፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፤
«ይኸው ላታንዚዮ፣ ዐሥራ ሁለት ቀኑ፣
ይኸው ደግሞ ዘቡ» አለኝ፣ ሳቁን ሸሽጎ።

አገላበጥኩት እንጨቱን።
ሣጥን እንዳልለው ክዳን የለው፣
አልጋ እንዳልለው ወለል የለው።
በራስጌው ሳንቃ፣ በላዩ ቅስት፣ ዳርና ዳሩ ዘንግ፣
በጎኑ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል የተቦረቦረ ጥግ፤
ለጡቴ መግቢያ ነው አሉ።
እኔን ሳያይ የለካኝ አናጢ፣ እጁን ይባርከው፣
አንድ ጣት ብቻ ነው የሳተ።

ደብዳቤውን ቄሱ አነበቡልኝ፦
«ዲያኖራ ሆይ፣ ሌሊት ልጄን ከእንጨቱ ሥር አስተኚው፣
እንቅልፍ ከባድ ነው፣ ሥጋ ከባድ ነው፣ አደራ እንዳትጫኚው።
ያለ እንጨቱ ብታቅፊው ውግዘት አለብሽ።»
ከዚያ ማኅተም።

ስለ ጊታ አንድ ፊደል የለም።
ጊታ የኔዋ ናት፣ የአምስት ወር፣
ከእንጨቱ ወዲህ የምታድር።
ግራዬ ላይ እሱ፣ በዳሱ ሥር እንደ ሙሽራ፣
ቀኜ ላይ እሷ፣ ክንዴ ብቻ ያላት ጣራ።
ሸክላ ሠሪ በገል ትበላ የለ? የኔም ልጅ
የወተት ነጋዴ ልጅ ሆና፣ ትራፊ ነው ያሳደጋት እንጂ።

በጥር፣ የሲዬቬ ወንዝ በረዶ የለበሰ ዕለት፣
የሰው ልብስ ሳጥብ ውዬ፣ እንቅልፍ እንደ ግንድ ጥሎኝ፣
እኩለ ሌሊት ነቃሁ። ክንዴ ደንዝዟል። ቀኝ ጎኔ ዝም አለኝ።
ዝም።
ዳበስኩ። አንገቷን። ከንፈሯን።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣
የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሙቀት መዳፌን ነካች።
አለች።

ሻማ አላበራሁም፤ እግዜርም ቄሱም እንዳያዩኝ።
የጌታውን ልጅ ገፋ አድርጌ የኔዋን ከጎኑ ሸጎጥኳት።
ለአንድ የተለካው እንጨት ለሁለት በቃ፤
የሷ ተረከዝ ከሱ ሆድ ላይ፣ እሱም አልነቃ።
እኔ ገለባ ላይ፣ ከመሬቱ፣ እንቅልፌን ከነሱ አርቄ፣
አዲስ እንደ ተቀጠረ ዘብ አደርኩ፣ ጥርሴን ከጥርሴ አጣብቄ።
ጡት እስኪጥሉ እንዲሁ ሆነ።
ለንስሐም አላቀረብኩት፤ ምኑን ልናዘዘው?

ትናንት መጣ። ጢም አውጥቷል።
የከፋይ ልጅ፣ ከፋይ ለብሶ፣
የጡት እናቱን ሊያይ፣ ሃያ ዓመቱን ጨርሶ።
ጓሮ ዞረ። ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ያለችበትን ጎባጣ ነገር
በጫማው ጫፍ ነካ።
«ይሄ ምንድነው?»
«የዶሮ ቤት ነው።»
ጊታ ከበሩ ላይ፣ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ፣ ሳቀች፤
እሱም ሳቀ፣ ምን እንዳሳቀው ሳያውቅ።
«ሥራው ደስ ይላል፣ ዋጋው ስንት ነው?» አለ፣
እጁን ወደ ኮረጆው ሰደደ።

«አይሸጥም» አልኩት፣ «ተኝተውበታል።»