ሁለት ጓርኒሲዮን

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስዊፍት ከረንት፣ ከማደያው ጀርባ፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሲገባ፣
«ይዞራል፤ አይነሳም» አለኝ በስልክ አንድ የደከመ ድምፅ፤
ካልሲ በካልሲ ደርቤ ወጣሁ፣ ለማዳመጥ።

አብነት ይባላል። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ።
ከኋላው ሃያ ቶን ድንች፤ ጠዋት ሬጂና ነው ማራገፊያ ሰዓቱ።
ባትሪ ቀይሯል፣ አራቱንም፣ በተበደረው ገንዘብ፤
ሞተሪኖም ቀይሯል፣ «ምናልባት ይሆናል» ብሎ በማሰብ።
የጣለው ዕቃ ሁሉ ጤነኛ ነው፤
በግምት የሚጠግን ሰው፣ ኪሱን ነው የሚፈታው።

«አዙረው።» አዞረው።
መብራቴን አጥፍቼ፣ ኮፈኑ ሥር ጆሮዬን ሰጠሁ፤
አባቴ ዳምጠው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ፊቱ አንዲት «አ» ጨመርኩና በሷ ኖርኩ፣ በሷ በላሁ።

አዟዟሩ ፈጣን ነው፤ ጥፋቱ የሞተሪኖው አይደለም።
ጭስ ማውጫውን አየሁ፦ ነጭም የለ፣ ጥቁርም የለም።
ጭስ ከሌለ፣ ናፍጣ ከሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነው፤
አልታመመም ይሄ ሞተር፤ ራብ ነው የያዘው።

ረግቶ ይሆን? በዚህ ብርድ ናፍጣ እንደ ቅቤ ይረጋል።
ታንኩን ከፍቼ አበራሁበት፤ ጠርቷል፣ ወለሉ ይታያል።
ፊልትሮው? «አዲስ ነው» አለ፣ ቶሎ። ቶሎ ማለቱን ልብ አልኩ፤
ምንም ሳልናገር፣ ውስጧ የሚታይ ቱቦ አውጥቼ ከፊልትሮው ኋላ ቀጠልኩ።

«ድገም።» ደገመ።
ናፍጣው መጣ፤ ግን ብቻውን አልመጣም፤
አረፋ አስከትሎ፣ እንደ ተናጠ ለስላሳ። ፖምፓ ደግሞ አየር ቢያላምጥ አይውጥም።

ግን ከየት? ከታንክ እስከ ፖምፓ ስንት መጋጠሚያ፣ ስንት ደጃፍ!
ናፍጣ ሲወጣ ያረጥባል፤ አየር ሲገባ ምንም አይጽፍ።
ስለዚህ ቱቦውን ትቼ ሰውየውን ጠየቅሁ፦
«መጨረሻ የሰው እጅ የነካው የቱ ነው?»
አብነት ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ፤
«ሜዲሰን ሃት፣ አንድ ጋራዥ...» አለ፤ ቃሉ መንገድ ላይ አለቀ።

በሽታውን የሸሸገ... ብዬ አልተረትኩበትም።
ፊልትሮውን ፈታሁ።
አንድ ጓርኒሲዮን አብሮት ወረደ፤ አዲስ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ።
ጣቴን በመቀመጫው ዙሪያ ሳዞር ሌላ አገኘሁ፤ የተጠፈጠፈ፣ የደረቀ፣ የተረሳ።
አንዱ ባንዱ ላይ። ይኸው በሽታው፤
ሦስት ሺህ ዶላር፣ ሁለት ዶላር የማያወጣ ላስቲክ ነው የበላው።

በጥፍሬ ፈልቅቄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።
ብዙ አየው። «እኔ ነኝ» አለ።
«ጋራዥ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ፣ በስልኬ መብራት፣ ራሴ ቀየርኩት።»

እኔም አንድ ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤
ብርዱ ገባ፤ መልሼ ዘጋሁ።
ካልጋሪ፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጨርቅ ረስቼ በአየር ማስገቢያ ውስጥ፣
ሞተሩ ታንቆ ቆመ፤ ሮዴል የሚባል የፊሊፒንስ ልጅ ተባረረ በኔ ጥፋት።
ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሳጥኑን ሲሸከም አየሁት፤
ያችን ሁለት ቃል ግን አላልኳትም።

በእጅ ፖምፓ ሁለት መቶ ጊዜ ገፋን፣ እየተቀባበልን፤
አረፋው ሳሳ፤ ቆጠርነው፤ ከዚያ የምንቆጥረው አጣን።
«አዙረው።»
ሳለ። ነጭ ጭስ ተፋ። ደግሞ ሳለ።
ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ባንዴ «አለሁ» አለ።

ሒሳቤን ተቀበልኩ፤ አልቀነስኩም።
ድንቹ ወደ ሬጂና ሄደ።

እኔ መኪናዬ ውስጥ ቀረሁ፤ ሊነጋ ነው፤
በአሮጌ ማስታወሻ ደብተር ላይ በግሪስ የደበዘዘ ቁጥር አለ።
ደወልኩ።
ይጠራል፤ አይነሳም።