የባልዲ ባሕር

ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሟ ደጅ፣
በሽተኛ ሁሉ ጉንጩን ይዞ ሲያረጅ፣
የመስታወት ባሕር አለ ከግድግዳው፣
ስምንት ዓመት ሙሉ ሳምቦር የሚቀዳው።

ከመስኮቱ ማዶ ባልቲክ ተዘርግቷል፣
ግራጫ ብርድ ልብስ እስካንገቱ ስቧል፤
ጨው ግን አይበቃውም፣ ወንዙ በዝቶበታል፣
የሐሩር ዓሣ ቢቀምሰው «አልጫ ነው» ይለዋል።
ባሕሩ ደጅ ሳለ፣ ሳምቦር ማታ ማታ
ባሕር ይበጠብጣል ባልዲ ውስጥ በእርጋታ።

ረቡዕ ዕለት ከቶሩን፣
ከአርቢው ቤት፣ ሳጥን መጣ፤
በላስቲክ ውስጥ አምስት ነፍስ፣
ካውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ፣
ብርቱካንማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፤
ሁለቱን ብቻ፤ ሦስተኛው ገና አልታሰረም።
ባሕር አያውቁም። እናታቸውም አታውቅም።
የተፈለፈሉት ሸክላ ላይ፣ ከአምፖል ሥር ነው።

ላስቲኩን አንሳፈፈ። ቀጭን ቱቦ ወስዶ
ወገቡን ቋጠረው፤
ጠብ... ጠብ...
ከትልቁ ውሃ ወደ ትንሹ።
ቦጉሚላ ጓንቷን አውልቃ፣ በሩን ተደግፋ፣
«ምነው ዝም ብለህ ብትደፋቸው?» አለችው።
«አንቺስ» አለ ቀና ሳይል፣ «ሳታደነዝዢ ትነቅያለሽ?»
ሣቀች። ኮቷን ወሰደች። ሄደች።
ጠብ... ጠብ...
ጨው ከጨው እስኪተዋወቅ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ።

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል የበላ ሰው፤
የማኖሩን ብልሃት ማን ይሆን የቀመሰው?

ክሎቲልዳ አለቻ።
ሰማያዊ፣ የመዳፍ ግማሽ፣ ጥርሷ የማይታይ፤
ከቀዩ ዋሻ እስከ ቱቦው አፍ
ርስቴ ነው ያለች፣
የሳምቦርን ጣት እንኳ ሁለት ጊዜ የነከሰች።
ዓምና ሁለት አምጥቶ ነበር፤
በጠዋት፣ በመብራት፣ በቸልታ።
እስከ ምሳ አንዱም አልቀረ።

ዛሬ መብራቱን አጠፋ። እጅጌውን ሰብስቦ
ክንዱን እስከ ብብቱ ነከረ፤
ዋሻውን ገለበጠ፣ ድልድዩን አፈረሰ፣
በስምንት ዓመት ጥርስ የተቸከለ ድንበር
በአሥር ደቂቃ ደመሰሰ።
ክሎቲልዳ በጨለማ ዞረች፣ ዞረች፣
ደጇን ፈልጋ አጣች።
አሁን ሁሉም መጤ ነው።
አሁን ለቀቃቸው።

የሳምቦር አባት ከቪልኖ በከብት ባቡር የመጣ ነው፣
በስድስት ዓመቱ፤ በሌላ ሰው ሳህን በላ፣
የሌላ ሰው ስም የተጠለፈበት ትራስ ላይ ተኛ፤
የሰፈሩ ልጆች ድንበራቸውን በጠጠር አስረዱት።
ለሱ ማንም ድንጋይ አላዞረለትም።
ይህን ሳምቦር አላሰበም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።
እሱ ክንዱን በፎጣ እያደረቀ
የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሰዓቱን ያይ ነበር።

በነጋታው ጉንጬን ይዤ ስገባ
ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይቆጥራል።
አንድ። ሁለት፣ ከማሞቂያው ኋላ። ሦስት። አራት።
እንደገና፦ አንድ፣ ሁለት...
አምስተኛ የለም።
ወለሉን ፈተሸ፣ ማጣሪያውን ከፈተ።
ስሜ ተጠራ፤ ገባሁ፤ ተወጋሁ፤
እስኪደነዝዝ ውጪ ሁን ተባልኩ፤
ምላሴ እንጨት፣ ከንፈሬ የሌላ ሰው።
ያኔ አየሁት። «እእ» አልኩ፣ ለሀጬ ጣቴን ቀደመው።

ከተገለበጠው ድንጋይ ሥር፣ አዲሱ ስንጥቅ ውስጥ
አንድ ብርቱካን ጥፍር ክንፉን ያራግባል፤
ከደጁ ላይ ክሎቲልዳ፣
አትገባ፣ አትሄድ።
ትጠብቀዋለች።

ሳምቦር ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣
መወልወያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።
በሩ ላይ የተጻፈውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፦
መጠበቂያ ክፍል።
እኛም ጠበቅን።