የአይጢት ደብተር

እሑድ ነው። አፉላ ገና አልነጋም።
ሰንበትን ያረፈ ሞተር ቶሎ አይነቃም።
አንዴ ቁልፉን ሳዞር፣ ዝም።
ሁለተኛው፣ ሳል፣
እንደ ሽማግሌ፣ ነገር ሊጀምር ሲል።
በሦስተኛው መቸኮል ነው ስሕተቱ፤
እስከ ሃያ ልቁጠር፣ ይረፍ ቤንዚን ሽታው፣ ይብረድ ቁጣዋና ትዕቢቱ።

ትነሣለች።
ዛሬ ግን ጭሷ ሰማያዊ ሆነብኝ፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አዛውንት የማጥብበት ቤት አለ፣ ፈረቃው አሥራ ሁለት ነው፣ አይጠብቀኝ።

ልጆቼ «አይጢት» አሏት፤ መልኳ ግራጫ ነው፣
ሌላ መኪና የተወው ሽንቁር ነው የምትቆመው።
ሱዙኪ፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ከአንድ የኪቡጽ አዛውንት ገዛኋት።
መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት በስምንተኛው ፈተና፤
ፈታኙ የፈረመው ታክቶት ሳይሆን አይቀርም፣ ይስጠው ጤና።

በሰፈራችን የሚዞር ባለ ድምፅ ማጉያ አለ፣
ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ የብረት አልጋ፣ «አልቴ ዛኸን!» እያለ።
ሲቀርብ መስኮቷን እዘጋለሁ፣ እንዳትሰማ፤
የቀኙ አይዘጋም፣ በእንጨት ሽብልቅ ነው፤ በዚያ በኩል ሳትሰማ
አትቀርም።

ሊራን ይላል፦ «እማዬ፣ ይብቃት፣ አዲስ እንውሰድ፣
በየወሩ የሚከፈል፣ ያለ ድምፅ የሚሄድ፣
ወደ ኋላ ስትነጂ ሁሉን በስክሪን የሚያሳይ።»
«እኔ ኋላዬን» አልኩት፣ «ዞሬ ነው የማይ።»
ሒሳብም ሠራልኝ በወረቀት፤ ሒሳቡ ልክ ነው።
የአምና ጥገናዋ ከዋጋዋ ይበልጣል። እውነት ነው።

ዋጂህ የደቡሪያው፣ ጋራዡ ከታቦር ግርጌ፣
የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ አድርጎ ሞተሯን ያዳምጣል፣ እንደ ሐኪም፣ እንደ ወጌ-
ሻም። «እኅቴ፣ ልቧ ደኅና ነው፤ ያስቸገራት ጥማት ነው» አለኝ፣
ራዲያተሯ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አሳየኝ።
ናዝሬት ላይ አንዲት እኅቷ ተጋጭታ ሞታ ነበር፤
ከሟቿ ፈትቶ አመጣላት። እኔም የባትሪውን ጫፍ
በጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውሃ ማጽዳትን ተማርኩ ከዚያ ጊዜ ጀምር።

ደብተር አላት፣ ከወንበሩ ሥር፣ ሽፋኑ ዘይት የጠጣ፣
በአማርኛ የምጽፍበት። ዕብራይስጡ ሳወራ ይመጣል፣
ብዕር ስይዝ ግን አይመጣ።

«ሚያዝያ። ቺንጋ ተቀየረ። ሊራን ወታደር ገባ።»
«ነሐሴ። የፊት ፍሬን ሸራ። እናቴን ቀበርን። ዋጂህ የእጁን አልወስድም አለ።»
«ካንዴላ፣ ሦስት። ጎረቤቴ ይታይሽ ሆስፒታል ሳንደርስ ወለደች።
የኋላ ወንበር ታጠበ።»
«ጥቅምት። መንገዱ ባዶ። የትም አልሄድንም። ባትሪው በመቆም ሞተ።»

ባለፈው ሳምንት ሊራን ደብተሩን አገላበጠ፤
ፊደሉ እንደ ብሎን ክምር ፊቱ ተቀመጠ።
ስማቸውን ብቻ ያውቃል፣ ሀ ሁ ያስቆጠርኩት በልጅነቱ፤
«ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ። አነበብኩለት፣ በየቀኑ በየወራቱ፣
ከአያቱ ቀብር እስክደርስ።
እዚያ ላይ «ቆይ» አለኝ። መስመሩን በጣቱ ነካው፣ ዘይት የነካውን መስመር፣
ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።
ስለ አዲስ መኪና ያን ቀን አላነሣም።
ሐሳቡን ቀየረ አልልም። አላነሣም።

እና ዛሬ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ደብተሩን ብገልጥ፣
ከእኔ ጽሕፈት ሥር፣ በእርሳስ፣ ጠማማ እንደ ቀንበጥ፣
«ዘዪት ቀየሪኩ» ይላል።
ቀን የለውም። ስም የለውም።
ሁለት ፊደል ስቷል። አላረምኩትም።
ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ፤ አረንጓዴ በርቷል።

ማታ ኮፈኗን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ብስበው፣
ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፏል፤ ጭሱን ያመጣው
እሱ ነው። አብዝቶላታል፣ እንደ እንግዳ አጋብቶ።
በሥራ ቤት አዛውንቶቹን በማጎርስበት ሲሪንጅ፣ አዲስ ነው፣ ከማሸጊያው የወጣ፣
ቀስ እያልኩ መጠጥኩላት፤ አንድ ኩባያ ሙሉ ወጣ።

ለሊራን አልነግረውም።